የላንድክሩዘሩ ወገብ

አባቴ መኪና የመረጠው በልብስ ሰፊ ሜትር ነው።

ሌላ ሰው ኮፈን ያስከፍታል፣ ሞተር አስነስቶ ጆሮውን ይጥላል፣ ጎማውን በጫማው ጫፍ መታ መታ አድርጎ ራሱን ይነቀንቃል። አባቴ ኃይለገብርኤል ግን ሜክሲኮ ካለችው የክርና የቁልፍ ሱቁ ያመጣትን ቢጫ ሜትር ከኮቱ ኪስ አወጣና ጫፏን ለእኔ ሰጠኝ።

«እዚህ ጋ ያዝ፣ ኤልዳድ። እንዳትለቅ።»

እኔ በአንዱ ጎን፣ እሱ በሌላው ጎን ቆመን የነጯን ኮሮላ ወገብ ከጎን እስከ ጎን ለካነው። ቁጥሩን በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈው። ከዚያ ቀጥሎ ያለችውን ለካን። ከዚያም ሌላዋን።

ሰባት ዓመቴ ነበር፤ ዘጠና ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ሊያልቅ ሲል። ከመስቀል ፍላወር ወረድ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ መኪኖቹ ተደርድረው ቆመዋል፤ በየጣራቸው ላይ የጃካራንዳ አበባ ረግፎባቸው ሐምራዊ ነጠላ የለበሱ ይመስላሉ። ሙሐሲን የሚባለው ደላላ፣ ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ ጎረምሳ፣ መጀመሪያ ዝም ብሎ አየን። በኋላ ግን አልቻለም።

«ጋሼ፣ ምነው? ሙሉ ልብስ ሊያሰፉላት ነው?»

አባቴ አልሳቀም። ጥግ ላይ ለብቻው ወደቆመው መኪና እያየ ነበር። አጭር ላንድክሩዘር ነው፤ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል ይመስላል፤ አፍንጫው ላይ አቧራ ተጋግሯል። ለእኔ መኪና አልመሰለኝም። ከሩቅ አገር መጥቶ የደከመው፣ እንቅልፍ የወሰደው እንስሳ ነው የመሰለኝ።

«ይሄንስ?» አለ አባቴ።

«እሱ እንኳ ለእርስዎ አይሆንም። ከየት ወዴት ነው የሚነዱት?»

«ከካዛንቺስ ሜክሲኮ። ከሜክሲኮ ካዛንቺስ።»

«በቃ! ለዚህማ ኮሮላ ነው፣ ነዳጅ አሽትታ የምትሄደው። ይሄ ማለቴ... ፍየል ነው ጋሼ፣ ገደል ሲያይ ደስ የሚለው። ነዳጅ አይጠጣም፣ ይታጠብበታል። የበረሃ መኪና ነው፤ ከተማ ውስጥ ይሰለቸዋል።»

በረሃ! ከዚያ በኋላ ሙሐሲን ያወራውን አልሰማሁም። አባቴ ሱቅ ውስጥ ከቁልፍ መደርደሪያው በላይ የተሰቀለ የድሮ ካላንደር አለ። ላዩ ላይ የአሸዋ አገር ተሥሏል፤ ቤት የለበት፣ አጥር የለበት፣ ሰማዩ ከመሬቱ ጋር ተዋሕዶ ወርቅ የሆነበት። ወሮቹ ካለቁ ዓመታት ቢያልፉም አባቴ አላወረደውም። እዚያ ልንሄድ ነው ማለት ነው።

ላንድክሩዘሩን ለካነው። ከኮሮላዋ የሚበልጠው በአራት ጣት ብቻ ነው። አባቴ ካርቶኑን አየ፣ ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። «ይገባል» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።

ከዚያ ደግሞ ሙሐሲንን የባሰ ግራ ያጋባ ነገር አደረገ። «አንተ ንዳው፤ እኔ ከኋላ ልሁን» አለው።

«ከኋላ? የሚገዛ ሰው መሪ ይይዛል እንጂ...»

አባቴ ግን ገብቶ ከኋላ ወንበሩ ላይ ጋደም ብሏል። ጉልበቱን አጥፎ፣ ሁለት እጁን ሆዱ ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ። እኔ ከፊት ተቀመጥሁ። ሙሐሲን እየሳቀ ወደ ወንዙ በሚወርደው ድንጋያማ መንገድ ነዳው። መኪናው አቃሰተ፣ ዘመመ፣ አንዱን እግሩን አንሥቶ ድንጋይ ላይ አሳረፈ፤ ሰማዩ በመስታወቱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘ። ከኋላ የአባቴ ድምፅ ይመጣል፤ «ቀስ... እዚህ ጋ ቀስ... እሺ፣ አሁን ሂድ።»

«አሞዎታል እንዴ ጋሼ?»

«ንዳ።»

ሽቅቡን ወጥተን ግቢው ስንደርስ አባቴ ተነሥቶ ተቀመጠ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «ይንጣል እንጂ አይጥልም» አለ። «ይሄንን ነው የምፈልገው።»

«ግን ለሜክሲኮ...»

«እንዲሁ ወድጄው ነው።»

እንዲሁ ወድጄው ነው። ያን ክረምት አባቴ ይህችን ቃል ስንት ጊዜ እንዳላት! ለሱቅ ጎረቤቶቹ፣ ለእድሩ፣ ለነዳጅ ቀጂው። አሁን፣ ሃያ ስምንት ዓመቴ ላይ ሆኜ ሳስበው፣ አባቴ በሕይወቱ እንዲሁ ወድዶ ያደረገው አንድም ነገር ትዝ አይለኝም።

ቤታችን ከካዛንቺስ አስፋልት ወደ ወንዙ ሲወረድ፣ የቁልቁለቱ መጨረሻ ላይ ነበር። ኮብልስቶን የሚባል ነገር ገና አልመጣም። ታክሲ ከላይ ይቆማል፤ ከዚያ በታች ያለው ለእግርና ለዕድል የተተወ ነው። በበጋ ድንጋይ፣ በክረምት ጭቃና ጎርፍ። እኔ ግን ያንን ቁልቁለት እወደው ነበር። ምክንያቱም እናቴን አንድ ጊዜ እዚያ ላይ እንደ ንግሥት አይቻታለሁ።

አምስት ዓመቴ ሳይሆን አይቀርም። ዝናብ ነበር። የሰፈሩ ወንዶች እናቴን ራሄልን በር ላይ አስተኝተው፣ በሩን በትከሻቸው ተሸክመው ቁልቁለቱን ሽቅብ ይወጣሉ። ከላይዋ ላስቲክ ይዘውላታል። ሴቶቹ ከኋላ ይከተላሉ። ሠልፉ በዓል ይመስል ነበር። አንዱ ከፊት በኩል ተንሸራተተና በሩ ዘመመ፤ ሁሉም ጭቃው ላይ ተደራረበ። እኔ ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ቤታችን መጣ፤ ፍራሽ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ብስኩት በልቼ በልቼ ሆዴን አመመኝ።

በሩ የጓዳችን በር ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ቦታው ላይ አልተመለሰም፤ መጋረጃ ተሰቀለበት። ያን ቀን ወንድም ነበረኝ፤ ሐኪም ቤት ሳይደርሱ ሞቷል። ከእሱ በፊትም ሌላ ነበር፤ እሱም እዚያው ቁልቁለት ላይ ነው የቀረው። ይህን የነገረኝ የለም። ትልቅ ሰው ሆኜ ራሴው ገጣጠምኩት።

መኪናው የተገዛ ሰሞን እናቴ ከቤት መውጣት ትታ ነበር። ወገቧን አሟት ነው ተባለ። የአባቴን ሰፊ ሹራብ ለብሳ ከመጋረጃው ኋላ ትተኛለች። ሲነጋገሩ በጉራጊኛ ነው፤ እኔ እንዳልሰማ ሲፈልጉ ወደዚያ ነው የሚገቡት። አንድ ቀን ግን እናቴ ረሳችና በአማርኛ እንዲህ ስትል ሰማሁ፤

«ለማንም እንዳትናገር፣ ኃይሌ። ለእማማ መነንም ቢሆን። ሁለቱንም ጊዜ አስቀድመን አውርተን ነው ያጣናቸው። የሰው ዓይን...»

ሁለት ጉዞ ያመለጣቸው መሰለኝ። ወደ አሸዋው አገር ሁለት ጊዜ ሊሄዱ ነበር፤ አስቀድመው አወሩና ቀረባቸው። አሁን በሦስተኛው ዝም ማለት ይሻላል። በጣም ገባኝ። በቀይ ካልሲ ውስጥ ለመንገድ የሚሆን ቆሎ ማጠራቀም ጀመርሁ።

እማማ መነን ከቁልቁለቱ መታጠፊያ ላይ ነበር የሚኖሩት። አርባ ዓመት የኖሩባት የቀበሌ ቤት ናት፤ በር ላይ ሽምብራና ተልባ ይቸረችራሉ። መንገዱ እዚያ ጋ ይጠብባል፤ በአንድ በኩል የጋራው መጸዳጃ የድንጋይ ግንብ፣ በሌላው የእማማ መነን የቆርቆሮ አጥር። መኪናውን ወደ ቤት ከማምጣቱ በፊት፣ አንድ ማለዳ አባቴ ሜትሩን ይዞ እዚያ ወሰደኝ። ጫፉን ግንቡ ላይ አስያዘኝና እሱ አጥሩ ድረስ ሄደ። ካርቶኑን አወጣ። በየጎኑ ግማሽ ስንዝር የሚሆን ይተርፋል። ፈገግ ሲል አየሁት።

የእማማ መነን ራስ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ።

«ምን እየለካህ ነው፣ ኃይለገብርኤል?»

አባቴ ሜትሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ፣ ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው። «ምንም አይደለም እማማ። እንዲሁ ነው።»

«እንዲሁ የሚለካ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ።

ያን ዓመት ከእኛ በላይ ባሉ ሰፈሮች ግድግዳ ላይ ቀይ ቀለም ይቀባ ነበር፤ ፊደልና ቁጥር። እኔ ያማረባቸው ይመስለኝ ነበር። የኛም ቤት እንዲቀባ እመኝ ነበር። ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት እንደሚፈርስ፣ ከቀለሙም በፊት ሜትር የያዘ ሰው እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። በሰፈራችን ይህንን የማያውቅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

የቀረውን እኔ አበላሸሁት።

እናቴ ስለማትወጣ ቦኖ ውሃ የምቀዳው እኔ ሆኜ ነበር። ጀሪካኔን ሠልፍ ውስጥ አስገብቼ ቆሜ ሳለሁ እማማ መነን መጡና ጭንቅላቴን ዳበሱኝ። «አባትህ መንገዱን ምን ሊያደርገው ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉኝ ለስለስ ብለው። ስለ ጉዞው እንዳልናገር አውቃለሁ። ስለ መኪናው ግን ማንም አልከለከለኝም።

«ትልቅ መኪና ሊያስገባ ነው!»

«ትልቅ መኪና?»

«ድንጋይም ቢሆን ጉድጓድም ቢሆን ረግጦ የሚያልፍ!»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ውሃው ብቻ ይንፎለፎላል።

«አጥርም ቢሆን?» አሉ እማማ መነን።

«አጥርም ቢሆን!» አልኩ።

እሑድ የእድሩ ጸሐፊ ጋሽ መዝገቡ ቤታችን መጣ። ሳይቀመጥ ነው የተናገረው። «ኃይሌ፣ ሰው ያወራል። ከባለሀብት ጋር ገጥመሃል፣ ለዶዘር መግቢያ ለክተህ ሰጥተሃል ይላሉ።»

«እኔ? የገዛ ቤቴን ላስፈርስ?»

«ታዲያ ለምን ለካህ?»

አባቴ ወደ መጋረጃው አየ። መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም። «ለመኪና ነው» አለ።

«የምን መኪና? እንኳን አንተ እኛም የምናውቀው ነው፤ ሱቅህ ሜክሲኮ፣ ቤትህ እዚህ። ለዚያች መመላለሻ ጦር ሜዳ የሚዘምት መኪና? ከሱቅህ እስከ ካዛንቺስ ያለውን አስፋልት ማን አረሰብህ?»

«እንዲሁ ወድጄው ነው፣ መዝገቡ።»

ጋሽ መዝገቡ ባርኔጣውን አጠለቀ። «ወንድሜ፣ ከዋሸህ እንኳ አሳምረህ ዋሽ» ብሎ ወጣ።

በማግስቱ እማማ መነን አጥራቸውን ገፉ። አዲስ ቋሚ ወደ መንገዱ ሁለት ስንዝር አውጥተው አስተከሉ፤ ቆርቆሮውን ቸነከሩ፤ ከሥሩ ድንጋይ ደረደሩ። በረሃውን የዘጉብን መሰለኝ። አጥሩ ላይ ምላሴን አወጣሁ። ዛሬ ይገባኛል፤ ለኪ ሲመጣ የሚቆጠረው ከአጥር ውስጥ ያለው ነው። አሮጊቷ ሁለት ስንዝር ዕድሜ እየጨመሩ ነበር።

ላንድክሩዘሩ መታጠፊያውን ማለፍ አልቻለምና ከላይ አስፋልቱ ዳር ሆኖ ማደር ጀመረ። አባቴ ጠዋት ጠዋት እማማ መነን በር ላይ ይቆማል። «እማማ፣ ቋሚዋን ትንሽ ቢያስገቡልኝ...» «ለምን?» ይሉታል። ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል፣ ያዞራል፣ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሰፈሩ መሃል ሲያልፍ ሰላም የሚለው ሰው ጠፋ። አንዳንዴ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሞተር ሳያስነሣ መሪውን ይዞ ሲቀመጥ አየዋለሁ። እሱም እንደኔ አሸዋውን እያለመ ነው እል ነበር።

ሐምሌ ውስጥ፣ አንድ እሑድ ከሰዓት በረዶ ጣለ። ቁልቁለቱ ነጭ ሆነ፤ ከዚያ ነጩ ቀልጦ ቡናማ ወንዝ ሆነና በደጃችን ወረደ። የቆርቆሮው ጩኸት ጋብ ሲል ከመጋረጃው ኋላ ሌላ ድምፅ ሰማሁ። እናቴ የአልጋውን ራስጌ ጨብጣ ቆማለች። ሹራቡ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ሆዷ ትልቅ ነበር። ከመቼ ወዲህ እንዲህ እንደሆነ አላውቅም።

«በሰው ትከሻ አልወጣም» አለች። «ኃይሌ፣ ሰምተኸኛል? በሰው ትከሻ አልወጣም።»

አባቴ ሮጠ፤ እኔም እስከ መታጠፊያው ተከተልኩት። ወዲያው ከላይ ሞተሩ ሲጮህ ተሰማ። ላንድክሩዘሩ በኋሊዮሽ፣ በጎርፉ ውስጥ፣ ድንጋዩን እየቆረጠመ ወረደና አጥሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። አባቴ ወርዶ የጎን መስታወቶቹን ወደ ውስጥ አጠፋቸው። ገብቶ ሞከረ። ግንቡ በአንድ በኩል ፋቀው፤ አጥሩ በሌላው ያዘው። ስንዝር! ስንዝር ጎደለ። ከዚያ እስከ ቤታችን ያለችው ደግሞ የቁልቁለቱ ክፉ ቦታ ናት፤ ያኔ ሰዎቹ የወደቁባት። አባቴ ሁለት እጁን ቆርቆሮው ላይ አሳረፈ፣ ግን አልገፋውም። የሰው አጥር ነው።

«እማማ! እማማ መነን!»

በሩ አልተከፈተም።

እኔ ዶሮዎቹ በሚገቡባት ቀዳዳ በደረቴ ተስቤ ገባሁ። እማማ መነን አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። የቀበሌውን የኪራይ ደብተር በፌስታል ጠቅልለው ደረታቸው ላይ አጥብቀው ይዘዋል። ከደጅ ሞተሩ ያጓራል።

«መጡ?» አሉኝ።

«ማን?»

«አፍራሾቹ።»

«አባቴ ነው። እማማ፣ እናቴ እንደዚያ ጊዜ ሆነች።»

«እንደ የቱ ጊዜ?»

«እንደ በሩ ጊዜ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ደብተሩን አልጋው ላይ ጣሉት። ከበሩ ኋላ የቆመውን ዲጂኖ አነሡና፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴትዮ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጥተው የገዛ ቋሚያቸውን ሥር ሥሩን መውጋት ጀመሩ። ቆርቆሮው ጮኸ። በየቤቱ «ማፍረስ ጀመሩ! ጀመሩ!» ተባለ። ሰው ዱላ ይዞ ወጣ። ጋሽ መዝገቡ በአንድ እግሩ ጫማ፣ በሌላው ካልሲ ብቻ እየሮጠ መጣና ደንግጦ ቆመ።

«እማማ! የገዛ አጥርዎን?»

«አፍህን ዝጋና ቆርቆሮውን ያዝ!»

ቋሚው ወደቀ። ድንጋዮቹ ተንከባለሉ። እማማ መነን ዲጂኖውን ጥለው፣ ጭቃ እንደተለወሱ፣ አባቴ ፊት ቆሙ።

«ከእኔ?» አሉት። «ከእኔ ነው የደበቅኸው? ሁለቱንም በዚህ እጄ ያጠብኳቸውን፣ በዚህ እጄ የገነዝኳቸውን ሴትዮ... ዓይኔን ፈርተህ?»

ውሃ ከአባቴ አገጭ ይንጠባጠባል።

«ቆመህ ታየኛለህ? ግባ! ንዳ!»

መኪናው በራችን ድረስ ገባ። እናቴ በሁለት እርምጃ ከደጃፉ ወንበሩ ላይ ደረሰች። እማማ መነንም ከኋላ ገቡና በሩን ዘጉ። ላንድክሩዘሩ ጎርፉን ሽቅብ ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ጎማው ይዞራል፣ ይንሸራተታል፣ ያስባል፣ ድንጋይ ያገኝና ይይዛል። የሰፈሩ ሰው ዱላውን እንደያዘ በሁለቱም በኩል ተሰልፎ ያየዋል። እዚያ አሸዋ አገር ያለ እኔ ሄዱ ብዬ አለቀስኩ።

እናቴ ከብዙ ዓመት በኋላ ስለዚያ መንገድ ስጠይቃት የመለሰችልኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «መኪናው እኔን አልናጠኝም» አለችኝ። «እማማ እግራቸውን ብረቱ ላይ ተክለው ጭናቸው ላይ ነበር የያዙኝ። እሳቸውን ነው የናጣቸው።»

አጥሩ ወደተገፋበት ቦታ አልተመለሰም። እውነተኞቹ ለኪዎች ከስድስት ዓመት በኋላ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው መጡ፤ ያኔ ሁለት ስንዝሩ የእማማ መነን ተብሎ አልተቆጠረም። እሳቸውም አላነሡት። አሁን ግንቡም፣ ቁልቁለቱም፣ ቦኖውም የለም። ከላይ ከኦሎምፒያ በኩል ሆኜ ቦታውን ስፈልገው መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው የማየው።

ግን ስለ ማግስቱ ጠዋት ልናገር።

አባቴ ከሐኪም ቤት ሲመለስ ፀሐይ ወጥቶ ነበር። ዓይኑ ቀልቷል። ሳይተኛ ፊቱን ተላጨ፤ ለሠርግ የሚለብሰውን ግራጫ ሱፉን ለበሰ፤ ጫማውን ጠረገ። እጄን ይዞኝ ወጣ። እማማ መነን ግቢ ፊት ስንደርስ ምንም የሚያንኳኳው ነገር አልነበረም፤ አጥሩ መሬት ላይ ነው። ቢሆንም እዚያው ከውጭ በኩል ቆመና ጉሮሮውን ጠረገ።

«ቤቶች!»

እማማ መነን ወጡ። የትናንቱን ቀሚሳቸውን ነው የለበሱት፤ ጭቃው ከጫፉ ላይ ደርቋል። ሌሊቱን እናቴ አጠገብ አሳልፈው ቅድም ነው አባቴ በመኪናው ያመጣቸው።

«ደህና አደሩ፣ እማማ» አለ አባቴ። ባርኔጣውን አወለቀ። «አንድ ነገር ልነግርዎ መጥቼ ነው።»

«ምን ልትነግረኝ፣ ልጄ?»

«ከሰው ሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ልንገር ብዬ ነው።» ባርኔጣውን ደረቱ ላይ አደረገ። «ራሄል ወለደች። ሴት ልጅ።»

እማማ መነን አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ዓይናቸው ፈጠጠ። «ወለደች?» አሉ። «ራሄል? አርግዛ ኖሯል እንዴ? እሰይ! እንኳን ማርያም ማረቻት!» ራሳቸውን ወደ ኋላ ጥለው እልል አሉ። እልልታው ቁልቁለቱን ወርዶ ወንዙ ጋ ደርሶ ተመለሰ። ጎረቤቱ ሁሉ እየወጣ ይሰማ ጀመር።

የአባቴን ኮት ጎተትኩት። አዘንኩላቸው። ትናንት አጥራቸውን ያፈረሱት፣ መኪናው ውስጥ አብረዋት የገቡት እሳቸው አልነበሩም እንዴ? በአንድ ሌሊት ሁሉንም ረስተውታል። እማማ መነን አርጅተዋል።

ማንም እንዳያውቅባቸው፣ እንዳያፍሩም ብዬ፣ እኔም ገና አሁን እንደሰማ ሰው ዘልዬ አጨበጨብኩ።